የእህቴ አሥራ አንድ ዓመት

እህቴ በሕይወቷ ኳስ መትታ አታውቅም። ልጆች ሳለን አንዴ ወደ እግሯ የተንከባለለችውን ኳስ በሁለት ጣቷ አንስታ "እንቺ ቆሻሻሽን" ብላ ወርውራልኛለች፤ ከኳስ ጋር ያላት ትውውቅ ይኸው ነው። በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ ግን ሁለት መቶ አሥራ አራት ጨዋታ ተጫውታለች። ሠላሳ አንድ ግብ አግብታለች። አምስት ቀይ ካርድ አይታለች፤ ከአምስቱ አንዱ ዳኛ በመሳደብ ነው። እህቴ እንኳን ዳኛ ልትሳደብ፣ "ሱሪዬን አጠበብሽብኝ" ብሎ የሚጮህባትን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቃ የምትሸኝ ሰው ናት።

መዝገቡን በዓይኔ ያየሁት ሰኞ ጠዋት ነው። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የመስታወቱ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የሚናገረው። ሰውን ጎንበስ ለማስደረግ ሆን ብለው የሠሩት ይመስለኛል። ጎንበስ ስል ቀኝ ጉልበቴ ቀጭ አለ።

የራሴን ስም ስነግራቸው "በዚህ ስም የተጫወተች ሴት የለችም" አሉኝ የመዝገብ ቤቱ ሹም። ጡረታ የቀረባቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው።

"በደንብ ይፈልጉልኝ።"

"ሦስት ጊዜ ፈለግሁ። እኔ መዝገብ ነው የማነበው እንጂ አልወልድም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመጪው የውድድር ዘመን ጀምሮ የአሰልጣኝነት ፈቃድ የሌለው ሰው ተቀያሪ ወንበር ላይ አይቀመጥም ተባለ። ፈቃዱ የሚገኘው በስልጠና ነው፤ ስልጠናው የሚቀበለው በዋናው ሊግ አምስት ዓመት የተጫወተን ሰው ነው። ምዝገባው አርብ ይዘጋል። አምስት ዓመት! እኔ አሥራ አንድ አለኝ፤ ስድስቱን ለቸገረው መስጠት እችላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ሴቶችን ሳሰለጥን ኖሬአለሁ። ወረቀት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የእህቴን ስም ነገርኳቸው። ገጹን ገለበጡ፤ ፊታቸውም በራ።

"እሷማ! ሽቦ አይደለችም እንዴ? ግራ መስመር ላይ ስትከንፍ! ከልጆቼ ጋር እየሄድኩ አያት ነበር እኮ።"

"ሽቦ እኔ ነኝ።"

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ወገቤ ላይ ትንሽ ቆዩ።

"ሽቦ ቀጭን ነበረች" አሉ።

"ነበርኩ።"

ከዚያ ዘረገፍኩት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሊጉ ከአሥራ ስድስት በታች አይቀበልም፤ እህቴ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። የክለቡ ሰዎች "ለአንድ ጨዋታ ብቻ የእህትሽን ወረቀት አምጪ" አሉኝ። አመጣሁ። በእሷ ስም ላይ የእኔን ፎቶ ለጠፉ። ያንን ጨዋታ ሁለት ለባዶ አሸነፍን፤ ሁለቱንም ያገባሁት እኔ ነኝ። አንዱ ጨዋታ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ተመልካቹ ሽቦ ብሎ ስለሚጠራኝ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ጭምር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለእኔ ነው።

ሹሙ የመስታወቱን መዝጊያ ግማሽ ድረስ ሳቡት።

"ይህን አልሰማሁም" አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። "በሌላ ሰው ስም የተጫወተ ከማንኛውም የእግር ኳስ ሥራ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ደንቡ ልጅ ነበርኩ የሚል ቦታ የለውም። የተጫዋችነት ካርድሽ አለ?"

"አለ።"

"ስሙ የእህትሽ፣ ፎቶው ያንቺ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አርብ እሱን ይዘሽ ነይ። እህትሽን ሆነሽ ተመዝገቢ። አሥራ አንድ ዓመት የሆንሽውን መሆን ምን ይከብዳል?"

በጎ ሰው ናቸው። በጎነታቸው ራሱ አናደደኝ። እውነቱን ብናገር እታገዳለሁ፤ ዝም ብል አልተጫወትሽም እባላለሁ፤ ብዋሽ ግን እንኳን ደህና መጣሽ! ደረጃውን ስወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ከሰዓት ወደ ልምምድ ሄድኩ። ክለቡ ለሴቶቹ የሚሰጠን በበሩ በኩል ያለውን ግማሽ ሜዳ ነው፤ ሣሩ ያለቀበትን። ሃያ ሁለት ልጆች፣ ዘጠኝ ኳስ። ከዘጠኙ ሁለቱ አየር አይዙም። ምልክት የምናደርገው ከወገቡ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ነው። እንዲህም ሆኖ ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ወጥተናል። ወንዶቹ በሙሉ ሜዳ ዘጠነኛ ወጡ። ይህን ለሥራ አስኪያጁ በወር አንድ ጊዜ አስታውሳቸዋለሁ፤ እሳቸውም በወር አንድ ጊዜ ሰዓታቸውን ያያሉ።

የዚያን ቀን ራሳቸው መጡ። ከኋላቸው አንድ ወጣት ተከትሏቸዋል፤ ፊሽካ በአንገቱ፣ ፋይል በብብቱ። ኳስ ተጫውቶ አያውቅም፣ ፈቃድ ግን አለው። ልጆቹ ገና ሳይተዋወቁት "ሰርተፊኬት" ብለው ስም አውጥተውለታል።

"አርብ ከሥራ መውጫ በፊት የምዝገባ ወረቀትሽ ጠረጴዛዬ ላይ ከሌለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡድኑን እሱ ይረከባል" አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

"ቡድኑን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"ማን አይደለሽም አለ? ወረቀት ነው የጎደለሽ።" ከዚያ ድምጻቸውን አለሰለሱ። "ሌላም ነገር አለ። ትንሿን ልጅ እናስመዝግባት።"

ትንሿ ልጅ ቅንጣት ናት። ይህን ቅጽል ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ውድድሩ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች አይቀበልም። ኳስ እግሯ ውስጥ ስትገባ ግን ትልልቆቹ ቆመው ያያሉ። እኔም ፊሽካዬን ረስቼ አያለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ የት እንደምትደርስ ሳስብ እንቅልፍ የማጣበት ቀን አለ።

"ዕድሜዋ አልደረሰም" አልኩ።

"እህቷ አሥራ ሦስት ሞልቷታል። ወረቀቷ አለ። ፎቶውን ብቻ የትንሿን እንለጥፋለን።"

"ማን አስተማረዎት ይህን?"

ሳቁ። "ረሳሽው? ያንቺን ፎቶ የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ያኔ የክለቡ ጸሐፊ ነበርኩ። ሙጫው እስካሁን አልለቀቀም።"

አልረሳሁም። ግን እንዲህ በኩራት ያነሱታል ብዬ አልጠበቅሁም። ቅንጣት እየዘለለች መጣችና እጄን ያዘች።

"ኮች! ትጫወቻለሽ አሉኝ! ካርድ ይወጣልኛል!"

እህቷ በሩ ጋ ቆማለች፤ የሁለቱን የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዛ። ዝምተኛ ልጅ ናት። ሁልጊዜ ልምምድ እስኪያልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስዕል ትስላለች። ሄጄ ጠየቅኋት።

"አንቺ እሺ ብለሻል?"

"አዎ። እኔ ምን ያደርግልኛል? ኳስ አልጫወት።"

ልክ እንዲህ ነበር ያለችኝ የእኔም እህት። ቃል በቃል። ጆሮዬ ጋለ።

"በእኔ ቡድን ማንም በሰው ስም አይጫወትም!" ብዬ ጮህኩ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ከዚያኛው ግማሽ ሜዳ ዞረው አዩኝ።

"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ለሰርተፊኬት ጠቀስ እያደረጉ። ቅንጣት እጄን ለቀቀች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ሮጣ ስታልፍ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። አሥራ አንድ ዓመት ላይ ኩርፊያ እንዲህ እንደሚከብድ ረስቼው ነበር።

ማክሰኞ ወደ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሲንጀር፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ ግድግዳው ላይ በወረቀት የተቆረጠ የእጅጌና የአንገት ልክ ተንጠልጥሏል። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው የምታናግረኝ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ።"

"ጉልበትሽ ነው?"

"አይደለም። ስምሽ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳት። ፔዳሉን ሳታቆም ሰማችኝ። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ታዲያ ምን ቸገረሽ?" አለች። "ውሰጂዋ። አሥራ አንድ ዓመት ለብሰሽዋል፤ አሁን ብትመልሺልኝም ሰፍቶብኛል።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሌላ ጨርቅ አነሳች፤ አስተካክላ ዘረጋችው፤ ደግሞ አጠፈችው። እህቴ ጨርቅ ዘርግታ ሳትቆርጥ ስታጥፍ አይቻት አላውቅም።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ምንም።"

"እትዬ።"

"ፓስፖርት ላወጣ ሄጄ ነበር" አለች፣ ጨርቁን እያየች። "አንቺ ሁለተኛውን የውጭ ጨዋታሽን ተጫውተሽ የመጣሽ ሰሞን። ውጭ አገር የልብስ ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ ይፈልግ ነበር። ተፈትኜ አልፌ ነበር። አንደኛ ነበር የወጣሁት።"

አልነገረችኝም። አንድም ቀን አልነገረችኝም።

"በዚህ ስም ፓስፖርት ወጥቷል፣ ሁለት ጊዜም ተጉዞበታል አሉኝ። ፎቶውን አወጡና አንቺ አይደለሽም አሉኝ። ወይ አንቺ አጭበርባሪ ነሽ፣ ወይ እሷ፤ የትኛችሁ ናችሁ አሉኝ።"

"ምን አልሻቸው?"

"ተሳስቼ ነው ብዬ ወጣሁ።"

"ለምን?"

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። "እሁድ የፍጻሜ ጨዋታ ነበረብሻ።"

ያንን ጨዋታ አስታውሰዋለሁ። አሸንፈናል። ዋንጫውን ይዤ ሱቋ ድረስ ሄጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬላታለሁ፤ "ስምሽ ተቀርጾበታል፣ እይው" ብዬ ቀልጄባታለሁ። እሷም በጨርቅ ወልውላው መልሳልኛለች። ምን ዓይነት ደንቆሮ ነበርኩ! በራሴ ላይ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

አርብ ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ሄድኩ፤ የድሮውን የተጫዋች ካርድና የራሴን መታወቂያ። ለልጆቹ ስል እህቴን ሆኜ እመዘገባለሁ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ሌሊቱን ሙሉ ያሰላሁት እሱን ነው። እኔ ከሌለሁ ቅንጣትን በእህቷ ስም ያጫውቷታል፤ ካለሁ አላስነካትም። ለእሷ ስል አንድ ጊዜ ልዋሽ። ለአንድ ጊዜ ብቻ።

ሹሙ ፎርሙን በቀዳዳው አሳለፉልኝ። ጎንበስ ብዬ ሞላሁ። የእህቴን ስም ጻፍኩ። የእህቴን ፊርማ ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም አማረበት። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለአሥራ አንድ ዓመት ውልና ደብዳቤ ላይ የፈረምኩት በእሷ ስም ነው። የራሴን ፊርማ ከዚያ በታች ልሞክር ብል የመጨረሻዋን ፊደል እንዴት እንደምጠመዝዛት ጠፋኝ።

ፎርሙን አራት ቦታ ቀደድኩት።

"ባዶ ወረቀት ይስጡኝ" አልኩ።

"አታድርጊው፣ ልጄ" አሉ ሹሙ።

"ይስጡኝ።"

አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ማን እንደተጫወተ፣ ማን እንዳልተጫወተ፣ ፎቶውን ማን እንደለጠፈ፣ እህቴ ምን እንዳጣች። ለማንም የማያስቸግር ደህና ጽሑፍ አልነበረም፤ ሦስት ቦታ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል። ከታች ፈረምኩ። አስቀያሚ ፊርማ ነው።

መልሱ ለመምጣት ዐሥር ቀን ብቻ ፈጀበት። ለኳስ መግዣ ዓመት የሚፈጅበት ቢሮ ለማገድ ሲሆን እግር ያወጣል። ሁለት ዓመት ታግጃለሁ። ፎቶውን ለጥፏል የተባለውን ግለሰብ በተመለከተ ማስረጃ አልተገኘም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ጨዋታ ተሰርዟል። ለእህቴ የሚሆን አንድ ደብዳቤም አብሮ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስሟ የተጠቀሰው ግለሰብ እግር ኳስ ተጫውታ አታውቅም ይላል፤ ማኅተም አለበት።

እህቴ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"በቃ፣ ጫማ ሰቀልኩ ማለት ነው" አለች። "ደጋፊዎቼን አመሰግናለሁ።" ከዚያ መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ አስቀመጠችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እሷ ያለቀሰችው ለዚያ ፋብሪካ ይሁን ለእኔ ጨዋታዎች አልጠየቅኋትም። እኔ ለሁሉም ነው።

የመጀመሪያው የውድድር ጨዋታ እሁድ ከሰዓት ነበር። ግቢ መግባት ስለተከለከልኩ ከሽቦ አጥሩ ውጭ መንገዱ ላይ ቆሜ ለማየት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁን በር ላይ አገኘኋቸው።

"ቅንጣት ተመዝግባለች ወይ?" አልኳቸው።

"አንቺ የታገድሽ ሰው ነሽ። የክለቡ ጉዳይ አይመለከትሽም።"

"ሕፃን ናት! እህቷስ? ነገ ራሷ ወረቀት ያስፈለጋት ቀንስ?"

"ከፈለግሽ ሄደሽ ክሰሺ። ልጅቷንም አብረው ያግዱልሻል። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ።" በሩን ዘጉት። ይህን እንደማላደርግ ያውቃሉ። ሰው የማታደርጊውን ሲያውቅብሽ እንደዚህ ያናድዳል።

ልጆቹ ተሰልፈው ዳኛዋ ካርድ እያየች ስም ትጠራ ጀመር። ሰርተፊኬት ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ያቺ ዝምተኛ እህት ቦርሳዎቹን ይዛ መጥታ ቆመች። ሰላም አለችኝ። እኔም ሰላም አልኳት።

ዳኛዋ የዚህችን ልጅ ስም ጠራች።

አጠገቤ ያለችው ልጅ "አቤ—" ብላ አፏን በእጇ ከደነች። ሜዳው ውስጥ ቅንጣት "አቤት!" ብላ ካርዱን ከፍ አድርጋ አሳየች። ማሊያው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል።

እንዴት እንደተጫወተች ምን ብዬ ልንገራችሁ? በአሥረኛው ደቂቃ በሁለት ተከላካዮች መሃል ሾልካ ወጣች። ሰርተፊኬት "አሳልፊ! አሳልፊ!" ይላል፤ ማሳለፍ አልነበረባትም። እኔ ሽቦውን በሁለት እጄ ይዤ፣ መጮህ ስለማይፈቀድልኝ፣ በውስጤ "ጠብቂ፣ ጠብቂ፣ አሁን!" እላለሁ። ልክ አሁን ስል መታችው። ገባ። ከእረፍት በኋላ ሌላ ጨመረች። ደስ አለኝ፤ ሐሰት አልናገርም፣ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ። እዚያው ደግሞ አጥሩን ነቅዬ ገብቼ በክንዷ ጎትቼ ላወጣት እፈልግ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኛ በአጥሩ ዙሪያ መጣ። ስለ እገዳዬ የሰማ አይመስልም፤ ወይም ሰምቶ አሳፍሮታል። ከድሮ ያውቀኛል።

"ሽቦ! ያቺ ትንሿ ያንቺ ሥራ ናት አይደል?" አለኝ፣ ማስታወሻ ደብተሩን እያወጣ። "ስሟ ማን ይባላል? ዛሬ ማታ በዜና ላነሳት ነው።"

አፌን ከፈትኩ። እውነተኛ ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያንን ስም ብናገር ዛሬ ማታ አገር ይሰማዋል፤ ነገ ጠዋት እነዚያ ሹም መዝገባቸውን ይገልጣሉ። ሁለት ዓመቴን የሰጠሁት ደግሞ በሰው ስም ላለመዋሸት ነበር። እህትዬዋ ቦርሳዎቹን እንደያዘች ቀና ብላ እያየችኝ ነው።

የእህትዬዋን ስም ነገርኩት።

ጻፈው። ብዕሩን እንዳነሳ "የአባትስ?" አለኝ።

አባታቸው አንድ ነው። እሱን ሳልዋሽ ነገርኩት።